ስለ ወይዘሪት አልቲያ ጊብሰንና ስለ ልጃችን ሳንቃ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚወጣውን ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን የምንጽፈው ገና በማሳደግ ላይ ሳለን፥ ይልቁንም ተሳስተን ከተገኘን በኋላ ስለ ሆነ፥ ቃላችንን እንደ መምህር ቃል ሳይሆን እንደ ጎረቤት ጭውውት አድርጋችሁ እንድትቀበሉልን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛዪቱ ልጃችን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከምትማርበት ትምህርት ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ ከፍተን ብናነበው ልጃችን በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ቀን ከትምህርቷ መቅረቷን የሚያስታውቅ ሆኖ ተገኘ። እናቷ ደንግጣ አለቀሰች። እኛም በማግስቱ ምንም ሳንናገር ብንከታተላት፥ ከሰፈራችን በስተ ጀርባ ካለው ከአንድ መጋዘን ግንብ ሥር ከወንዶች ልጆች ጋር ቆማ፥ ከጣውላ የተጠረበች አንዲት ሳንቃ ይዛ ኳስ ከግንቡ ጋር ስታላጋ አገኘናት። ፀጕሯ ተበትኗል፤ ልብሷም ዐቧራ ለብሷል። እጇን ይዘን ወደ ቤት አስገባናት፤ ሳንቃዪቱንም ቀምተን ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አኖርናት።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርን ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። በእነዚህም ዓመታት ከቤት ስለ ኮበለሉ፥ ከትምህርት ስለ ቀሩና ያለ ሥራ በመንገድ ስለ ተገኙ ልጆች ብዙ ቃል በመዝገብ ላይ ጽፈናል። እውነቱን ለመናገር፥ መዝገቡን በዘጋን ጊዜ የልጁም ነገር አብሮ የተዘጋ ይመስለን ነበረ። ስለዚህ የገዛ ልጃችንን በዚያ ግንብ ሥር ባየናት ጊዜ በዐይናችን ላይ የመጣው የእርሷ ፊት አልነበረም፤ ያ መዝገብ ነበረ።

ልጃችን አላለቀሰችም። “አባባ፥ እኔን ይቅጡኝ፤ ሳንቃዬን ግን ይመልሱልኝ” ብቻ አለችን። “ሳንቃዪቱ ምን ትጠቅምሻለች?” ብለን ብንጠይቃት፥ “አልቲያ ጊብሰንም የጀመረችው በሳንቃ ነው” ብላ መለሰች።

ቴኒስ የሚባለውን ጨዋታ ጨርሶ የማናውቀው አይደለንም። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በተዛወርን ጊዜ መምህራኑ ወደ ማታ ይጫወቱ ነበረና፥ እኛ ልጆቹ ከመረቡ ወዲያና ወዲህ እየሮጥን ኳስ እናነሣላቸው ነበረ። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ መቍጠር ሲቻል ዐሥራ አምስት፥ ሠላሳ፥ አርባ እያሉ መቍጠራቸው እስከ ዛሬ ድረስ ይገርመናል። የዚችን ሴት ስም ግን ሰምተነው አናውቅም ነበረና፥ ታሪኳን ለመመርመር ተነሣን። የተነሣንበትም ሐሳብ ቅን አልነበረም፤ ልጃችንን ራሷ በጠራችው ምስክር ልንረታት ፈልገን ነበረ። ምስክሩ ግን ለማን እንደ መሰከረ ከዚህ በታች እናመለክታለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

አልቲያ ጊብሰን የተወለደችው በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፥ ሲልቨር በምትባል መንደር በ1927 ዓ.ም. ነው። አባቷ ዳንኤል፥ እናቷም አኒ ቤል ይባላሉ። በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ፥ በአገራችን ቋንቋ እኩል አራሾች የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ እንጀራ ፍለጋ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ሄዶ፥ ሐርለም በሚባለው በጥቍር አሜሪካውያን ሰፈር ተቀመጠ።

ልጅቱ ትምህርት አትወድም ነበረ። ከትምህርት ቤት እየቀረች በከተማው ውስጥ ትዞራለች፤ አባቷም ብርቱ ሰው ነበሩና በኀይል ይቀጧት ነበረ። በመንገድ ላይ የሚደፍራት እንዳይኖር ብለው ቦክስ ያስተማሯትም እኒሁ አባቷ ናቸው። ቅጣቱ በበዛባት ጊዜ ከቤት እየወጣች፥ ሌሊቱን ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ታድር ነበረ፤ በመጨረሻም የተበደሉ ልጆች ወደሚጠጉበት መጠለያ ገብታ ተቀመጠች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንም ሳትፈጽም ቀረች።

እስከዚህ ድረስ ባነበብን ጊዜ ምስክሩ ለእኛ የሚመሰክርልን ስለ መሰለን ደስ አለን። ከቤት መኮብለሉም፥ ከትምህርት መቅረቱም፥ መንገድ ለመንገድ መዞሩም በገዛ እጃችን ስንጽፈው የኖርነው ቃል ነውና። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በመዝገባችን ላይ ተጽፎ አያውቅም።

ቤተ ሰቡ የተቀመጠበት 143ኛው መንገድ፥ የከተማው ፖሊስ የስፖርት ማኅበር ቀን ቀን መኪና እንዳይገባበት እየዘጋ የሰፈሩ ልጆች እንዲጫወቱበት የሚፈቅደው ቦታ ነበረ። በዚያም ፓድል ቴኒስ የሚባል፥ ሜዳው ያነሰና በእንጨት ሳንቃ የሚመታ ጨዋታ ነበረ። አልቲያ በዚህ ጨዋታ እጅግ ስለ በረታች፥ በ1939 ዓ.ም. ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይዘልላት በኒው ዮርክ ከተማ ካሉት ሴቶች ሁሉ አንደኛ ሆና ተገኘች። የልጆቹን ጨዋታ የሚቈጣጠረው ባዲ ዎከር የሚባለው ሙዚቀኛ ይህንን አይቶ እውነተኛ የቴኒስ መምቻ ሰጣት። ጎረቤቶቿም ከየኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው፥ ኮስሞፖሊታን በሚባለው የጥቍሮች የቴኒስ ክበብ ውስጥ አባል አደረጓት፤ የማስተማሪያውንም ዋጋ ከፈሉላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉ አባቶቻችን እውነታቸውን ነው። እኒያ ጎረቤቶች ራሳቸው ድኾች ነበሩ።

በክበቡ ውስጥ ያስተማራት ፍሬድ ጆንሰን የሚባል፥ አንድ እጅ ብቻ የነበረው አሠልጣኝ ነው። አልቲያ በጀመረችበት ወራት ስትሸነፍ ከአሸናፊዪቱ ጋር መደባደብ ያምራት እንደ ነበረ ራሷ ተናግራለች። ስለዚህ አስቀድማ መማር የነበረባት ኳስ መምታትን ብቻ ሳይሆን ሽንፈትን መቻልን ጭምር ነው።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቍርና ነጭ ተለይቶ ይኖር ስለ ነበረ፥ የቴኒሱም ውድድር ሁለት ነበረ። ጥቍሮቹ በታላቁ ብሔራዊ ውድድር ውስጥ ስለማይገቡ፥ በ1916 ዓ.ም. የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በመካከላቸው ይወዳደሩ ነበረ። አልቲያ በ1946 ዓ.ም. በዚህ ማኅበር የሴቶች ውድድር ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሳ ተሸነፈች። በዚያ ቀን ግን ሁለት ሐኪሞች ተቀምጠው ያዩዋት ነበረ። አንዱ የሰሜን ካሮላይናው ዶክቶር ሁበርት ኢተን፥ ሁለተኛውም የቨርጂኒያው ዶክቶር ሮበርት ዎልተር ጆንሰን ነበሩ። ሁለቱም ተመካክረው ያቀረቡላት ነገር ለእኛ ለወላጆች ትልቅ ምክር ያለበት ነው። በትምህርቱ ወራት በዶክቶር ኢተን ቤት እንደ ልጅ ተቀምጣ ያቋረጠችውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንድትፈጽም፥ በዶክቶሩም ግቢ ውስጥ በነበረው ሜዳ እንድትለማመድ፤ በበጋው የዕረፍት ወራት ደግሞ በዶክቶር ጆንሰን ዘንድ ሆና ወደ ውድድር እንድትሄድ ነበረ። ልብ በሉ፤ ትምህርትሽን ከጨረስሽ በኋላ ትጫወቻለሽ አላሏትም፤ ጨዋታሽን ያዢ፥ ትምህርቱ ይቅር አላሏትም። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠመዱላት እንጂ።

አልቲያ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሆና ከእርሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ እንደምን እንደሚከብዳት መገመት አያዳግትም። በሐርለም ታውቀው የነበረው ስመ ጥሩው የቦክስ ተጫዋች ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ግን፥ ያለ ትምህርት የትም አትደርሺምና ሂጂ ብሎ መከራት። ሄደችም፤ በ1949 ዓ.ም. ትምህርቷን ፈጸመች። ከዚያም በፍሎሪዳ በሚገኘው የጥቍሮች ኮሌጅ ነጻ ትምህርት ተሰጥቷት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀች። በጥቍሮቹም ማኅበር የሴቶች ውድድር ከ1947 እስከ 1956 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሆነች።

ይሁን እንጂ ታላቁ በር ገና ተዘግቶ ነበረ። በ1950 ዓ.ም. ቀድሞ የዊምብልደን አሸናፊ የነበረችው ነጪቱ አሊስ ማርብል በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ብርቱ ጽሑፍ ጻፈች። ጨዋታው የጨዋ ሰዎች ነው የምንል ከሆነ እንደ ጨዋ ሰዎች ልንሠራ ይገባናል፤ ይህችን ልጅ በሜዳ ላይ መሸነፍ ያሸንፋት እንጂ የቆዳዋ መልክ አይከልክላት የሚል ሐሳብ ያለበት ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በሩ ተከፈተና፥ አልቲያ በፎሬስት ሂልስ ሜዳ በተደረገው በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር የገባች የመጀመሪያዪቱ ጥቍር ተጫዋች ሆነች።

በሁለተኛው ግጥሚያ የገጠማት የዚያን ዓመት የዊምብልደን አሸናፊ ሉዊዝ ብራፍ ነበረች። በመጀመሪያው ዙር አልቲያ 6 ለ1 ተሸነፈች፤ በሁለተኛው 6 ለ3 አሸነፈች፤ በሦስተኛውም 7 ለ6 እየመራች ሳለች ብርቱ ዝናም ወርዶ ጨዋታው ተቋረጠ። መብረቁም ከሜዳው ግንብ ራስ ላይ የነበረውን የድንጋይ ንስር መትቶ ጣለው። በማግስቱ በተቀጠለ ጊዜ ብራፍ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 9 ለ7 አሸነፈች። ያችን ሌሊት አልቲያ እንዴት እንዳደረች ስናስብ፥ ልጃችን ሳንቃዋን የተቀማችበት ሌሊት ትዝ አለን።

ከዚህም በኋላ ስድስት ዓመት ያህል የድካም ዘመን መጣ። እስከ 1955 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት በሊንከን ዩኒቨርሲቲ የአካል ማጠንከሪያ ትምህርት እያስተማረች ቆየች፤ ቴኒሱንም ፈጽማ ትታ በጦር ሠራዊቱ የሴቶች ክፍል ለመግባት አስባ ነበረ። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር ወደ እስያ አገሮች ስለ ላካት፥ በየአገሩ ስትጫወት ልቧም እጇም ታደሰ። በ1956 ዓ.ም. የፈረንሳይን ውድድር አሸንፋ፥ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ለመውሰድ ከጥቍር ሕዝብ የመጀመሪያዪቱ ሆነች። በዚያው ዓመት ከእንግሊዛዊቱ ከአንጄላ በክስተን ጋር በጥንድ ተጫውታ በፈረንሳይም በዊምብልደንም አሸነፈች። በክስተን የአይሁድ ወገን ስለ ነበረች እርሷም በየክበቡ የማይቀበሏት ነበረች፤ ሁለት የተገፉ ሰዎች ወዳጅ ሆኑ። ይህንን ወዳጅነት አንባቢው አይርሳብን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በ1957 ዓ.ም. በዊምብልደን የመጨረሻ ግጥሚያ ዳርሊን ሃርድን 6 ለ3፥ 6 ለ2 አሸነፈች። ውድድሩ ከተጀመረ 80 ዓመት ሲሆነው ጥቍር ሰው ሲያሸንፍበት የመጀመሪያው ነበረ። ሽልማቱን በእጃቸው የሰጧት የእንግሊዝ ንግሥት ሁለተኛዪቱ ኤልሣቤጥ ናቸው። የጥጥ ለቃሚዎቹ ልጅ በንግሥቲቱ ፊት እጅ ነሥታ ተቀበለች፤ ወደ ኒው ዮርክም በተመለሰች ጊዜ የከተማው ሕዝብ በአደባባይ በሰልፍ ወጥቶ ተቀበላት። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር አሸነፈች፤ በመጨረሻውም ግጥሚያ የረታቻት ከሰባት ዓመት በፊት በማግስት ጨዋታ የረታቻትን ሉዊዝ ብራፍን ነው። በ1958 ዓ.ም. ሁለቱንም ደግማ ወሰደች። በታላላቆቹ ውድድሮች ያገኘችው ድል በጠቅላላው 11 ነው፤ ብቻዋን 5፥ ከሴቶች ጋር በጥንድ 5፥ ከወንድ ጋር በጥንድ 1።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንገባለን። በዚያን ጊዜ በታላላቆቹ ውድድሮች የሚጫወት ሰው ስለ ጨዋታው ገንዘብ እንዲቀበል ደንቡ አይፈቅድለትም ነበረ። ስለዚህ ንግሥቲቱ የሸለሟት ሴት የቤት ኪራይ የምትከፍልበት አልነበራትም። በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ ከዚህ ውድድር ወጥታ በጨዋታዋ ለመኖር ተነሣች። ነገር ግን ሴቶች በቴኒስ እንጀራ የሚበሉበት ሥርዓት ገና አልተሠራም ነበረ። ዘፈን ዘፍና ሸክላ አስቀረጸች፤ በ1959 ዓ.ም. በወጣ ሲኒማ ላይ ታየች፤ ሐርለም ግሎብትሮተርስ ከሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር በየከተማው እየዞረች ለተመልካች ትጫወት ጀመር። በ1964 ዓ.ም. በሠላሳ ሰባት ዓመቷ በሴቶች የጎልፍ ማኅበር ውስጥ የገባች የመጀመሪያዪቱ ጥቍር ሴት ሆነች፤ በአንዳንዱ ክበብ ግን ወደ ልብስ መለወጫው ክፍል ስለማያስገቧት በመኪናዋ ውስጥ ልብሷን ትለውጥ ነበረ።

ዊምብልደን ለአሸናፊዎች ገንዘብ መክፈል የጀመረው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አልቲያ ካሸነፈች ከዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያም ዓመት ለወንዱ አሸናፊ 2,000 ፓውንድ፥ ለሴቲቱ 750 ፓውንድ ተሰጠ። የሁለቱ ዋጋ እኩል የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው። በሩን የከፈተችው ሴት ግብሩ በቀረበ ጊዜ አልነበረችም።

በ1970ዎቹ ዓመታት በኒው ጀርዚ ግዛት የስፖርት ሹም ሆና አገለገለች። በእርጅናዋ ግን ሕመም ጸናባት፤ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ የምትከፍለው አጥታ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። በ1995 ዓ.ም. የጥንት ጓደኛዋን አንጄላ በክስተንን በስልክ ጠርታ ችግሯን ነገረቻት። በክስተንም ዝም አላለችም፤ ነገሩ በቴኒስ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስላደረገች ከብዙ አገር ሰዎች ገንዘብ ደረሰላት። በልጅነቷ ጎረቤቶቿ ከኪሳቸው አዋጥተው እንዳስጀመሯት፥ በእርጅናዋም የማታውቃቸው ሰዎች አዋጥተው ደገፏት። አልቲያ በ2003 ዓ.ም. በሰባ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች።

ከሞተች በኋላ የተደረገላት ክብር ብዙ ነው። በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ ውድድር በሚደረግበት ስፍራ ሐውልት ቆመላት፤ በ2022 ዓ.ም. ያ በሳንቃ የተጫወተችበት 143ኛው መንገድ በስሟ ተጠራ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት መልኳን በሃያ አምስት ሣንቲም፥ በእኛ አነጋገር በስሙኒ ላይ ቀረጸው። ገንዘብ ያላገኘችበት ድል ዛሬ በገንዘብ ላይ ተቀርጿል። በሕይወት ሳለች ለቤት ኪራይ ቢሆናት ምንኛ ይሻል ነበረ!

ይህን ሁሉ አንብበን በፈጸምን ጊዜ ወደ ማታ ልጃችንን ጠራናት። ምስክሯ ለሁለታችንም እንደ መሰከረ አስረዳናት። ለእርሷ የመሰከረላት፥ ከትምህርት የቀረችና በመንገድ የተገኘች ልጅ የጠፋች ልጅ አለመሆኗን ነው። ለእኛም የመሰከረልን፥ ጨዋታ ብቻውን፥ የዓለምን ዘውድ ቢያስደፋም እንኳ፥ እርጅናን እንደማይጦር ነው። ዶክቶር ኢተንና ዶክቶር ጆንሰን ያደረጉትን ነገርናትና ውላችንን በዚሁ ዓይነት አሰርን። ከትምህርት አንድ ቀን እንኳ እንዳትቀር፤ ጥናቷን ስትጨርስ ግን ሳንቃዪቱን ይዛ ብትወጣ የሚከለክላት እንዳይኖር ነው።

ልጃችን ጥቂት አሰበችና፥ “አባባ፥ በዚያ ግንብ ሥር ብቻዬን ብሆን እናቴ አትፈቅድልኝም፤ ማን ይጠብቀኛል?” አለችን። ጥያቄዋ እውነት ነበረ። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እኛ ራሳችን አብረናት እንወጣለን። ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ያወረድናትን ሳንቃ እርሷ ትይዛለች፤ እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ለመድነው ኳስ እናነሣለን። ጕልበታችን እንደ ጥንቱ ስላልሆነ የሰፈሩ ልጆች ይሥቁብናል፤ ይሣቁ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ልጃችን እንደ አልቲያ ጊብሰን ትሆናለች ብለን አልጻፍንም። እንዲህ ያለው ሰው በብዙ ዘመን አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና፥ ከልጃችሁ እጅ አንድ ነገር ከመቀማታችሁ በፊት በዚያ ነገር ምን እንደምትሠራበት አንድ ጊዜ ቆማችሁ ተመልከቱ። እኛ ቀምተን ነበረ፤ ምን እንደ ቀማንም ያወቅነው በኋላ ነው።